የተቀበልኩት ሣር

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

ጭቃው ከቦቲዬ አልለቅ ብሎኛል። በቢላ እየፋቅሁ ነው የምጽፍልሽ። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ትንሽ እፍቃለሁ። ተናድጃለሁ። ቀድሜ ልንገርሽ፣ ደብተሬ፣ ኋላ ምን ሆነሽ እንዳትዪኝ።

ችግኝ ተከላ ነበር። ዘንድሮም እዚያው ኮረብታ ላይ። አምናም እዚያው፣ ካቻምናም እዚያው። የወረዳው አስተዳዳሪ ሙሉ ሱፍ ለብሰው መጡ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ጠበቃቸው። ጎንበስ አሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሄዱ። ቀጥሎ እኔ። የም/ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ አይደለሁ? ፈገግ በይ ተባልኩ። እምቢ አልኩ። ፎቶው ላይ ሰው የሞተብኝ እመስላለሁ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ አንዱን ችግኝ ነቅዬ አየሁ። ጥቁሩ ላስቲክ እንዳለ ነው። ከነላስቲኩ ቀብረውታል! ሌላውን ነቀልኩ። እሱም እንደዚያው። ሥሩ የት ይሂድ? የት/ቤት ልጆቹን ጠየቅሁ። ቶሎ ጨርሱ ተብለን ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት ተተከለ ብቻ ነው፤ ስንት ጸደቀ የሚል ቦታ የለውም።

ዝናብ ጣለ። እኔና ወ/ሮ ጫልቱ ቀርተን እየነቀልን፣ ላስቲኩን እየቀደድን መልሰን ተከልን። ጫልቱ እንደኔው የም/ቤት አባል ናት። እንደኔ ግን ቃል አትመርጥም። በኦሮምኛ የተሳደበችውን እዚህ ብጽፈው ገጹ ይቀደዳል።

ቀና ስል ከላያችን የቡርቃ ደን። ማንም ያልተከለው ዝግባና ጽድ። የከተማችን ውሃ የሚወጣው ከሱ ሥር ነው። ለሱ ባነር የሰቀለለት፣ ሱፍ ለብሶ የጎበኘው የለም።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ

አስተዳዳሪው ቢሮ ተጠራሁ። ሻይ አዘዙልኝ። እሳቸው ሻይ ካዘዙ ነገር አለ።

ነገሩ ይኸው። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ የም/ቤት ጉባኤ አለ። አንድ አጀንዳ ተጨምሯል፦ ከቡርቃ ደን የላይኛው ወገን ለድንጋይ ካባ ይለቀቅ። ባለሀብቱ አቶ ተሾመ ነው፤ የከተማውን ጠጠር ሁሉ የሚያቀርበው ሰውዬ። ድንጋዩ ጥሩ ነው፣ መንገድ ይሠራል፣ ወጣቱ ሥራ ያገኛል። ከኔ የሚፈለገው ትንሽ ነገር ነው፤ ኮሚቴሽ ችግር የለውም የሚል አስተያየት ይስጥ።

ችግር የለውም! ምንጩስ አልኩ። ምንጩ ታች፣ ካባው ላይ፣ አይገናኙም አሉኝ። ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ለአንድ ወረዳ አስተዳዳሪ ማስረዳት ነበረብኝ። ጊንጪ ሳስተምር ተማሪ እንዲህ ብሎኝ ቢሆን ክፍሉ ሁሉ ይስቅበት ነበር። እዚህ ሳቂ የለም። ጸሐፊዋ እንኳ ቀና አላለችም።

አንቺ ታውቂያለሽ እንዴት እዚህ ወንበር ላይ እንደመጣሁ። ጊንጪ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። የአካባቢ ክበብ አቋቋምኩ፣ ልጆቹን ጭልሞ ደን እየወሰድኩ የዛፍ ስም በአማርኛም በኦሮምኛም አስጠናሁ። በዚያ ስሜ ተነሣ። ወደ አገሬ ወደዚህ ስዛወር ፓርቲው ሴት ዕጩ አጥቶ ነበር። አንዱ ሰው፣ እሷ ትሁን፣ ስለ ዛፍ የምታወራ ሴት ማንን ትጎዳለች ብሎ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያኔ አልከፋኝም። በዚህ ቀዳዳ ከሆነ የምገባው፣ እሰየው፣ እገባለሁ አልኩ። ገባሁ። የሥጋ ቤቶች ቆሻሻ ወንዝ እንዳይጣል ደንብ አስወጣሁ። ጠላት አፈራሁ። የዛፏ እናት አሉኝ፣ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በሹፈት። እንግዲህ የዛፍ እናት ከሆንኩ ዛሬ ልጆችሽን ፈርመሽ አስረክቢ ነው የሚሉኝ።

አስተያየት አንሰጥም አልኩ። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። ስኳር አብዝተውበት ነበር ደግሞ።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ፣ ሊመሽ ሲል

ከጫልቱ ጋር ቡርቃ ወጣን። ገና ም/ቤቱ ሳይወስን ዛፎቹ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል! እኔና እሷ እጅ ለእጅ ተያይዘን የማናቅፈው ዝግባ አለ፤ እሱም ቀይ መስቀል ወጥቶበታል። በእጄ ልፋቀው ሞከርኩ። አይለቅም። የዘይት ቀለም ነው።

ምንጩ ጋ ወረድን። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ቧንቧው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም። ቧንቧ ሲጠፋ ከተማው በሙሉ እዚህ ነው የሚወጣው፣ የአስተዳዳሪው ሠራተኛ ሳትቀር። ጫልቱ፣ ድማሚት የሚፈነዳበት ተራራ ሥር ምንጭ አይቆይም፣ መንገዱን ይቀይራል ብላ ነገረቻቸው። አንዷ አሮጊት ታዲያ የት ልንሄድ ነው አለች። ወደኔ ዞራ ነው ያለችው። እኔ እያለሁ አይሆንም አልኳት። በአደባባይ፣ በሰው ፊት፣ በሁለቱም ቋንቋ አልኳት። ይቺን አስምሪባት።

ከሰዓት ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔና ጫልቱ እንቃወም አልን። የቀሩት ጠረጴዛውን ያያሉ። ምን ትላላችሁ? ጠረጴዛውን ያያሉ። ዝምታቸውን ከኛ ጋር ቆጠርኩትና ኮሚቴው ተቃውሟል ብዬ አስገባሁ። ደስ ካላቸው ይክሰሱኝ። ለመክሰስ መጀመሪያ መናገር አለባቸው።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ፣ አምቦ

መነኻሪያ ነኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬሽ እጽፋለሁ። ጽሑፌ ቢበላሽ ከንዴትም ነው።

አንድ የዞኑ የበላይ ሰው አስጠርተውኝ ነው የመጣሁት። አመሰገኑኝ። ሥራሽን እናውቃለን አሉ። እንዳንቺ ያለ ሰው እዚያ ትንሽ ከተማ መቅረት የለበትም፣ አምቦ የተሻለ ቦታ አለ፣ መኪና ያለው። ግን ያቺ የካባ ነገር በሰላም ትለቅ። በዚሁ ቅደም ተከተል፣ በዚሁ ድምፅ። እኔም እንደ ሞኝ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ነው ንዴቱ የመጣብኝ። ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ደረጃ ላይ ነው!

ያቺ እስፔናዊት ትዝ አለችኝ። አምና አ.አ. ሥልጠና ላይ ያወራችልን ፖለቲከኛ። ዕድሜዋን ሙሉ ስለ አካባቢ ስትታገል የኖረች። በአንድ ወንዝ ምክንያት ከፓርቲዋ ጋር ተጣልታ ከዕጩነት አወጧት፤ ከተማዋ ተመልሳ፣ ደጅ ለደጅ ዞራ፣ በጎረቤቶቿ ድምፅ እንደገና ገባች። ስትናገር ዘና ብላ ነው፣ እንደ ሠርግ ወሬ። አጨበጨብን። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ተናደድኩባት። የወጣችበትን ቀን ማታ ቤቷ ገብታ ምን እንደሆነች አልነገረችንም። ባሏ ምን አለ? ዕቁብተኞቿ ምን አሉ? የሚጠቅመኝን ትታ ጭብጨባውን ሰጥታኝ ሄደች።

ሞላ። እንሂድ።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ!

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ምናልባት እረጋጋለሁ።

ጥዋት በር ተንኳኳ። ሽማግሎች። ከፊት ኦቦ ጉደታ። ማን እንደሆኑ ልንገርሽ፤ የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው። የኛ ቤት ከሸዋ አማራ፣ የሳቸው ከዚሁ ከአገሬው፤ ግን አባቴና እሳቸው በሬ ተቀናጅተው ያረሱ፣ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። አባቴን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ስዳር እንደ አባት ሆነው ያስረከቡኝ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ እኚህ ሰው በዝናብ፣ እርጥብ ሣር ጨብጠው፣ ግቡ ብላቸው እምቢ ብለው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

ጃርሱማ ነው አሉ፤ ሽምግልና። ከማን ጋር? ከተሾመ ጋር። አልተጣላንም አልኩ። ተጣልተሻል፣ አስተዳዳሪው ፊት ስሙን አንሥተሻል፣ ሰውየው ተቀይሟል፣ በአንድ ከተማ ተኳርፎ መኖር ነውር ነው፣ ታረቁ አሉ። ስለ ደን አንዲት ቃል የለም! ስለ ካባ የለም! ዕርቅ፣ ዕርቅ፣ ዕርቅ። ልመልስ አፌን ስከፍት ኦቦ ጉደታ ወደ መሬት ጎንበስ ማለት ጀመሩ። ሊንበረከኩልኝ ነው። እሳቸው፣ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጭቃ፣ ለኔ! ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ። አባባ ይተዉ፣ እናንተ ካላችሁ እሺ አልኩ። ሣሩን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

ተቀበልኩ። ሣር የተቀበለ ነገሩን ጨርሷል፤ ይኼን ለማወቅ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም። ያኔውኑ መረቁኝ። ገቡ፣ ቁርስ በሉ፣ ሳቁ። ኦቦ ጉደታ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አኮራሽኝ አሉኝ።

ከሄዱ በኋላ ነው የገባኝ። ድሮስ መች ቶሎ ይገባኛል! የሕዝብ ደን የኔና የተሾመ ኩርፊያ አደረጉት። ስለ ደኑ መጥተው ቢሆን እከራከር ነበር፤ ክርክር አያቅተኝም። በጸብ ስም መጡ። በጸብ ላይ ለሽማግሌ እምቢ የሚል ሰው ደግሞ ሰው አይደለም። ሐሙስ እጄን ለተቃውሞ ባወጣ ደን ያዳንኩ አይደለሁም፣ ዕርቅ ያፈረስኩ ነኝ። ይኼን ያሰበው ማን ይሁን? ተሾመ እንኳ ይኼን ያህል አያስብም። አስተዳዳሪው ናቸው። ሻዩን ትቼባቸው ስወጣ ያሰቡት ይኼን ነው።

ገረመው፣ ባሌ፣ እህል ሊጭን እጃጂ ሄዷል። እንኳንም የለ። ቢኖር እልልታውን ያቀልጠው ነበር።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ገበያው ሁሉ ሰምቷል። የቅመም ነጋዴዋ እንኳን ታረቃችሁ ብላ በርበሬውን መረቀችልኝ። ተሾመ ፒክአፑን መሃል መንገድ አቁሞ ወረደ፤ ትከሻዬን ሳመኝ፣ ከእንግዲህ እህቴ ነሽ አለ። ሰው ያየናል። ፈገግ አልኩ። ለችግኙ ያልፈገግኩት ሴትዮ ለሱ ፈገግ አልኩ! ፊቴን መምታት አማረኝ።

ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ በግ ታስሯል። ተሾመ ልኮት ነው። ገረመው ከእጃጂ ተመልሶ በጉን እየዳበሰ ነው፤ ወፍራም ነው ይለኛል። ተጣላን። እሱ የሚለው፦ ሽማግሌ ጨርሶታል፣ ለምን ታነሺዋለሽ፣ መጋዘኔ ያለው እዚሁ ከተማ ነው፣ ዕድራችን እዚሁ ነው፣ ብንሞት የሚቀብሩን እነዚህ ናቸው። ስለ ምንጩ አንሥቼ ጮህኩ። እሱም ጮኸ። በመጨረሻ በጉን እኔው ራሴ ጎትቼ ተሾመ ደጅ አሰርኩትና ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ በጉ ቆም እያለ አበገነኝ።

ጫልቱን አገኘኋት ስመለስ። አየችኝ። ወደ ማዶ ተሻገረች።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ። ያቺ የምንጩ አሮጊት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነበረች። ሰላም አልኳት፤ ሰላም አለችኝ። ምንም አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ሌላ የሚጻፍ የለኝም። ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩ።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ኦቦ ጉደታ ቤት ሄድኩ። በቅንነት ልጨርሰው ብዬ። ሳያውቁ ተልከው ይሆናል፣ ደኑ መሃል እንዳለ አልነገሯቸውም ይሆናል ብዬ። ቢያውቁ ኖሮ ይቆጡልኛል፣ ራሳቸው ይነሡልኛል ብዬ። ስንት ነገር ብዬ ነው የሄድኩት!

ያውቃሉ። ሁሉንም ያውቃሉ። እርጎ አስቀረቡልኝና ረጋ ብለው ነገሩኝ። ቡርቃን ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ አሉ፣ ከብት ያገድኩበት ነው፣ ያቺን ትልቋን ዝግባ አያቴ አይነኳትም ነበር። ግን የልጅ ልጆቼ ተምረው ቤት ተቀምጠዋል፤ ግድግዳ ላይ ዲግሪ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ልጁ ተኝቷል። ተሾመ ይቀጥራቸዋል። ደን ሥራ አልሰጠኝም አሉ።

ምንጩ ሲደርቅ እነሱም ይጠማሉ አልኩ። ያኔ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ አሉ። እንዲሁ ነው ያሉት፣ ቀለል አድርገው። አብሬያቸው ማልቀስም፣ ጠረጴዛውን መገልበጥም አማረኝ። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደሉም፤ በጣም የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ቃሌን ባነሣስ አልኳቸው። የእርጎውን ዋንጫ ወደኔ ገፋ አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣ ቃል በቃል ልጻፈው፦ «አስካለ፣ ሣሩን ከእጄ ወስደሻል። ካፈረስሽው በደጅሽ አላልፍም። ብትሞቺም አልቆምልሽም። ብሞትም እንዳትመጪ።»

አስኩ ነበር የሚሉኝ። አስካለ ብለውኝ አያውቁም።

እርጎውን ጠጥቼ ጨርሼ ነው የወጣሁት። መተው ነውር ነው። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፣ ዝናቡ ደበቀልኝ።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ነገ ነው ጉባኤው።

ዛሬ ጥዋት ጫልቱ ቤት ሄድኩ፣ በር ላይ ቆሜ ካላነጋገርሽኝ አልሄድም አልኩ። ልብስ እያጠበች ነው። ቀና ሳትል ሰማችኝ። ሣሩን፣ ኦቦ ጉደታን፣ አባቴን፣ ሁሉን ነገርኳት። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። አላዘነችም። እየጠመዘዘች ጠየቀችኝ፦ «ከማን ጋር ነው የታረቅሽው? ከተሾመ ጋር? ይሁን ታረቂ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። እኛ ውሃ የምንቀዳው ሴቶች ግን መች ተጣላን? ማሎ አስካለ፣ የኛን ነገር ማን ሰጥቶሽ ነው በሣር የለወጥሽው?»

ማሎ አለችኝ፣ እባክሽ። ጫልቱ ማንንም እባክህ ብላ አታውቅም።

ተናድጄ ወጣሁ። ምን ቆርጧት ነው እንዲህ የምትናገረኝ እያልኩ ገበያውን አቋርጬ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ጽ/ቤቱን አልፌ ሄድኩ። እየቆየ ሲሄድ ንዴቱ ከሷ ላይ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሄደ። ልክ ናት። የኔ የሆነው ኩርፊያዬ ብቻ ነው። እሱን ሰጥቻለሁ፣ አልመልሰውም፤ ተሾመን ነገም ሰላም እለዋለሁ፣ ቢታመም እጠይቀዋለሁ። ደኑን ግን አልሰጠሁም። የኔ ያልሆነ ነገር በእጄ አያልፍም። ድምፄ ራሱ የኔ አይደለም፤ እነዚያ ጀሪካን ይዘው የቆሙት ሴቶች ናቸው የሰጡኝ።

ኦቦ ጉደታ ይኼን አይቀበሉም። አውቃለሁ። ለሳቸው ያው አፍራሽ ነኝ። ከተማውም ከሳቸው ጋር ነው የሚቆመው። አጣቸዋለሁ። ይኼን ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ይቀድደዋል፤ ከፍርሃት አይደለም፣ እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ ስላስገቡኝ ነው! አባቴን ሁለተኛ እንድቀብር ስላደረጉኝ ነው! አስተዳዳሪው ነገ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እጄን ሲጠብቁ ሳስብ ጥርሴ ይገጥማል።

ወሰንኩ። ነገ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ዕድል እጠይቃለሁ። ሽማግሎቹ ከፊት ነው የሚቀመጡት፣ እንደ ልማዱ። ወደነሱ ዞሬ በኦሮምኛ እናገራለሁ፤ ማንም ተርጉሞ እንዳያጣምምብኝ። ከተሾመ ጋር ታርቄያለሁ፣ በዕርቄ እጸናለሁ። ቦሶንኒ ከን ኮ ሚቲ፣ ደኑ የኔ አይደለም፣ ስለዚህ ልሰጠው አልችልም። ይኼን ብዬ እቃወማለሁ። ጫልቱም ትቃወማለች። ከኛ ሌላ እጅ የሚያወጣ ይኑር አይኑር አላውቅም። ብንሸነፍ እንሸነፋለን። ግን ችግር የለውም የሚለው ቃል ከኔ አፍ አይወጣም። የአምቦውን ቦታ አልፈልግም ብዬም ደውያለሁ። ስልኩን ያነሣው ሰው፣ ምን ዓይነት ሴትዮ ነሽ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ለገረመው ነገርኩት። አልጮኸም። የዕድሩ ሰዎች ቢያስወጡን እኔ ነኝ የማነጋግራቸው፣ አንቺ እዚያ አፍሽን አትክፈቺ አለ። ይኼ ከሱ ብዙ ነው። ሳቅሁ፣ በስንት ቀኔ።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ፣ ጥዋት

ነጠላዬን አድርጌያለሁ። ንግግሬን ሦስቴ አልኩት፣ አንዴ ተሰናከልኩ። ጉባኤው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ነው። ዝናቡ አባርቷል። ገና አንድ ጊዜ ልለው ነው፣ ከዚያ…

በር ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። ኦቦ ጉደታ ናቸው፣ ብቻቸውን። ማን ነገራቸው? ያ የአምቦው ስልክ ነው የሚሆነው። ጋቢያቸው ረጥቧል፣ ቀድመው ዝናቡ ውስጥ ተነሥተው ነው የመጡት። በእጃቸው ሣር አለ።

ገረመው ምን ላድርግ እያለ ያየኛል። ክፈትላቸው፣ በክብር አስገባቸው፣ ወንበር ስጣቸው አልኩት። እኔ ግን ሰላም ስላቸው እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው የምቆመው። መሬት ላይ ቢወድቁም አላነሣቸውም።